ሁለት እናት እንዳነሳ ላሰለጠኑኝ አሰልጣኝ

ለተከበሩ የስፖርት ቤቱ ባለቤትና ዋና አሰልጣኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» እያለ ለሚጠራዎት፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላ ጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎና ለዳሌዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። ከሩብ ሰዓት በላይ መቀመጥ አልችልምና፣ ለዚህ ላበቁኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከአባላትዎ ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምሠራው፣ የዛሬ ዓመት ወደ ስፖርት ቤትዎ የመጣሁት ሴት ነኝ። የመጣሁበትን ምክንያት በመጀመሪያው ቀን ነግሬዎታለሁ። እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ፣ ጠዋት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ የማነሳት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጉልበት ያስፈልገኝ ነበር። እርስዎም ክብደቷን ጠየቁኝ፤ ሃምሳ ሁለት ኪሎ መሆኗን ነገርኩዎት። ወዲያው በስድስት ወር ውስጥ ሁለት እናት እንደማነሳ አውጀው፣ አንድ መቶ አራት የሚል ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም ሞኟ አብሬ አጨበጨብኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በቤትዎ ሕግ መሠረት «አመመኝ» ያለ ሰው ብረት ተሸክሞ አስር ተጨማሪ ስኳት፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ ይሠራል፤ የቀረው ሰው ደግሞ ከብቦ ጮክ ብሎ ይቆጥርለታል። በሦስተኛው ወር ቀኝ ዳሌዬ ውስጥ እንደ ምስማር የሚወጋ ነገር ሲጀምረኝ አንድ ቀን አምልጦኝ ተናገርኩ፤ አስሯን ከነብረቷ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ወደ ወገቤ ሲወጣም፣ ጎንበስ ብዬ የታችኛውን መደርደሪያ ካርድ ማውጣት ሲያቅተኝም ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እንሰማለን፤ በሽታን ማስደበቂያ ቤት ከፍቶ አባል መመዝገብ ግን የእርስዎ የራስዎ ፈጠራ ስለሆነ አድናቆቴን ሳልገልጽ አላልፍም።

፪ኛ፦ አረማመዴ የተበላሸ ጊዜ፣ እርስዎ ከወዲያኛው ግድግዳ ሆነው፣ እጅዎን ከኪስዎ እንኳ ሳያወጡ፣ ነገሩ ጡንቻ ሲያድግ የሚሰማ እንደሆነ አረጋገጡልኝ። የጤና ጣቢያችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይህ ጥበብ ስላልተሰጣት፣ የመጥረጊያ እንጨት አስይዛ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና አደረገችኝ። በዳሌዬና በእግሬ ፈንታ በወገቤ እንደማነሳ ወዲያው አየች። ስታነሺ የሚያይሽ ሰው አልነበረም ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ የሚቆጥር እንጂ የሚያይ እንዳልነበረ በሐቅ መሰከርኩልዎት።

፫ኛ፦ አንድ መቶ አራቱን ያነሳሁ ዕለት ፎቶዬን አንስተው በርዎ ላይ ሰቀሉት። በማግስቱ ጠዋት እናቴ እንደ ወትሮዋ ደህና እጇን አንገቴ ላይ ጣል አድርጋ ጠበቀችኝ። ላነሳት ብሞክር ወገቤ ቁርጥ አለ። እኔ ጎብጬ፣ እሷ አንገቴን ይዛ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረን። ይቅርታ የጠየቀችኝ ደግሞ እሷ ናት፤ ከብጄሽ ነው ብላ። በመጨረሻ አናጢው ጎረቤታችን ተጠርቶ በሌሊት ልብሷ ተሸክሞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። እዚህ ላይ ለትሕትና ብዬ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር አሰልጣኝ። አንጀቴ አርሯል።

፬ኛ፦ ለምን ቀረሽ ብሎ የደወለልኝ ረዳትዎ፣ ወገብ የሚታመመው ስፖርት ሲያቆሙ ነው ብሎ መከረኝ። ደጉ ሰው፣ ያሳሰበው የኔ ጤና ነው ብዬ ልመን።

ብረት ማንሳት በራሱ ጠላቴ አይደለም፤ ባለሙያዋም ስድን፣ ከባዶ እጅ ጀምሬ፣ በዝግታ እንደምመለስበት ነግራኛለች። የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፎቶዬን ያውርዱልኝ፣ ያንን ሕግዎንም ይሻሩ። ነገ ሌላዋ የሰው ልጅ ጥርሷን ነክሳ አስሯን ስትሠራ እናቷ ቤት እየጠበቀቻት ሊሆን ይችላል።

ክንድዎ እንዳይዝል፣ ጭብጨባዎ እንዳይቋረጥ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ልነሳዎት ባለመቻሌ ታላቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ

ደብዳቤውን ካሸግሁ በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ትናንት እናቴን ጤና ጣቢያችን ውስጥ ከነወንበሯ መዝነን የወንበሩን ስንቀንስ ከሃምሳ ሁለቱ ስድስት ጎድሎ አርባ ስድስት ኪሎ ሆና ተገኘች። ሐኪሙ ሌላ በሽታ ጠርጥሮ ነበር፤ እኔ አጥብቄ ስጠይቃት ግን እንድትቀለኝ ብላ ከምግቧ ግማሹን ስትተው እንደከረመች ነገረችኝ። ሥልጠናዎ በቤታችን ያፈራው ፍሬ ይህ ነው።