የአራሷ ትሪ

ኦስሎ፣ ሮመን
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእማዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ቸግሮኝ ነው እንጂ ነገሩስ አጭር ነው። እኔ ነርስ አይደለሁም። ሆስፒታል ነኝ ስልሽ አንቺ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ነርስ ሆነች» አልሽ፤ እኔም ዝም አልኩ። የወለዱ ሴቶች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ትሪ አመላላሽ ነኝ። እሱም ትምህርት ቤት ለሦስት ወር የላከኝ ልምምድ ነው፣ ፕራክሲስ ይሉታል። በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ስልኩን ለትንሹ ወንድሜ ለሹዓይብ ትሰጪውና እሱ ሲስቅ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል።

አባባ እዚህ ደህና ነው፣ አውቶብሱን ይነዳል። ዛሬም «ካንቺ አፍ ቃል ከማውጣት ከድንጋይ ውኃ መጭመቅ ይቀላል» ብሎ ቀለደብኝ። ሌላ ቀን እስቅ ነበር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ትሪውን አስገባለሁ፣ ቆይቼ አወጣለሁ። አራሷ ከበላች ወረቀቱ ላይ ራይት፣ ካልበላች ኤክስ አደርጋለሁ። ከምልክቱ አጠገብ ምክንያት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ኖርዌይኛው እንዳይበላሽብኝ ስለምፈራ እዚያ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ዩቲንግ የምትባል ቻይናዊት ተኛች። በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ወልዳለች። ባሏ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው፤ የሚመለሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እናቷ ልታርሳት ልትመጣ ነበር፣ ቪዛ ከለከሏት። ያስገባሁላት ዳቦ፣ አይብ፣ ከፍሪጅ የወጣ እርጎና በረዶ የተጨመረበት ውኃ ነበር። በጣቷ እንኳ አልነካችውም። ኤክስ። ማታም ኤክስ። በዚያ ሙቅ ክፍል ውስጥ ኮፍያና ካልሲ አድርጋ ነው የምትተኛው። አዋላጇ ኤሊ መስኮት ከፍታ ስትወጣ እሷ ስፌቷን ይዛ ተነሥታ ትዘጋዋለች። ገላሽን ታጠቢ ሲሏትም አልታጠበችም። ኤሊ ደግ ሴት ናት፤ በገባች ቁጥር «ደህና ነሽ?» ትላታለች። ዩቲንግ ፈገግ ብላ «ያ፣ ያ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። አለቀ።

እማ፣ እኔ ኮፍያውን ሳይ ገብቶኛል። አክስቴ ስትወልድ «በሩን ዝጊ፣ አራስ ንፋስ አይመታትም» ብለሽ የተቆጣሽኝ አንቺ አይደለሽ?

ስለዚህ ማክሰኞ አንቺ እንደምትሠሪው አጥሚት ሠራሁና፣ የተነጠረ ቅቤ ጣል አድርጌበት በፔርሙዝ ይዤላት ሄድኩ። አወቅኩ ብዬ። አሸተተችውና ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ስልኳ ላይ ጽፋ በኖርዌይኛ አስነበበችኝ፤ «ይቅርታ፣ ይሄ ሽታ የምን እንስሳ ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሆዷን ይዛ «አታስቂኝ፣ ስፌቴ» አለች። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያን ጊዜ አደረግኩ፤ ጠየቅኳት። ምን ላምጣልሽ?

«ሙቅ ውኃ» አለች። «ሙቅ ውኃ ብቻ።»

አራት ኩባያ ጠጣች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ጻፈችልኝ፤ «እናቴ በዚህ ወር ብርድ ከገባብሽ ዕድሜሽን ሙሉ አይለቅሽም ትላለች። ቀዝቃዛ አልበላም፣ ፀጉሬን አላጥብም፣ ከቤትም አልወጣም። ለነሱ እንዳትነግሪ፣ ኋላ ቀር ይሉኛል።»

አልነገርኩም። ሙቅ ውኃ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ ኤክሱ ቀጠለ።

ዛሬ ከሰዓት ኤሊ ወረቀቱን ይዛ ጠራችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ ኤክስ ነው» አለች። «አትበላም፣ አትታጠብም፣ መስኮት ትዘጋለች። ነገ ጠዋት ስብሰባው ላይ የአእምሮ ሐኪም እንዲያያት እንጠይቃለን። ልጁም እስከዚያ እኛ ጋ ቢያድር ሳይሻል አይቀርም።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ጁመና፣ ትሪውን የምታስገቢው አንቺ ነሽ። የታዘብሽው ነገር አለ?»

«ናይ» አልኩ፤ የለም ማለት ነው።

እንዲህ ነው ያልኩት፣ እማ። ልወጣ ስል ዩቲንግ፣ ኤሊ ነግራት ኖሮ፣ ልጁን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በስልኳ «ልጄን የት ነው የሚያሳድሩት?» አለችኝ። የአእምሮ ሕመም የለባትም፣ እናቷ እንዳስተማረቻት ተኝታለች እንጂ። ያሳመሟት የኔ ኤክሶች ናቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ያሰብኩት አንቺን ነው። ቪዛዬ የመጣው ሹዓይብን ልትወልጂ ሦስት ሳምንት ሲቀርሽ ነበር። «ሂጂ፣ እኔ ሰው አላጣም» አልሽኝ፣ እኔም ሄድኩ። በሩን ማን ዘጋልሽ? ውኃውን ማን አሞቀልሽ? ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም መልሽልኝ ማለቴ አይደለም።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እኔንም አንቺን ለመጦር ያብቃኝ። ሹዓይብን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቹም እውነቱን ንገሪያቸው፣ አላፍርም።

ነገ በመጀመሪያው ባቡር እሄዳለሁ። ዝንጅብል ገዝቻለሁ፤ ቅቤ የለበትም። ፔርሙዙን አራት ቁጥር አስገባና መጀመሪያ ዩቲንግን «ልንገራቸው?» ብዬ አስፈቅዳታለሁ፤ እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከዚያ በየኤክሱ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ «ምግቡ ቀዝቃዛ ነበር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ፊደሉ ቢሳሳትም ይሳሳት። ሁለት ሰዓት ሲሆን ስብሰባው ውስጥ እገባለሁ። ኤሊ የታዘብሽው ነገር አለ ወይ ብላ ሳትጠይቀኝ በፊት እጄን አወጣለሁ።

ልጅሽ
ጁመና