የዘውዴ አልጋ እንደራሴ

ሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከዛሬ ምሳ ጀምሮ ፑዲንግ ቀርቷል። በምትኩ ጄሎ የሚሉት የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ ይቀርባል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ሕዝቡ እንዲረጋጋ ተጠይቋል።

ዜናውን ያበሰረችን ትዕግስት ናት፤ የነርስ ረዳት፣ ከሠራተኞቹ መካከል አማርኛ የምታውቅ እሷ ብቻ፣ ቆማ ለማውራት ግን ጊዜ የሌላት። «ምነው?» አልኳት። «ስቴቱ ክፍያውን ወደ ጁላይ ገፋው አሉ፣ አባባ። የእኛም ኦቨርታይም ቆሟል» ብላኝ ትሪዋን ይዛ በረረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ፣ እኛ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ፣ አብዛኛው ሰው የሚኖረው በሜዲኬይድ፣ በድሆች የሕክምና መድን ነው። የሚከፍለው ስቴቱ፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። የስቴቱ በጀት ዓመት ጁን ላይ ይዘጋል፤ ኪሱ ሲሳሳበት ጊዜ የመጨረሻውን ክፍያ ወደ አዲሱ ዓመት ወረወረው። በወረቀት ላይ ስቴቱ ቆጠበ። በትሪ ላይ ጄሎ መጣ። እኔ የበጀት መዝጊያ የሚባለውን በሽታ ሰኔ ሠላሳ ላይ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም ቪዛ አግኝቷል።

ሌላ ዜና፣ ከፑዲንጉ የሚያንስ፦ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ዘውዴን ትናንት አምቡላንስ ወሰደው። ሳንባው ነው። በመስኮት በኩል ያለው አልጋ የእሱ ነው። ማንኮራፋት የለም። ሬዲዮ የለም። የድንበር ንግግሩም ተቋርጧል (እሱ ደሴ፣ እኔ አስመራ፤ በመካከላችን ያለው መጋረጃ የት ላይ መቆም እንዳለበት እስካሁን አልተስማማንም)። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ነጻነት ነው።

ማክሰኞ

ሚስ ካረን መጣች። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን እንደ ክፍያው ይዘገያል። የዘውዴን አልጋ በዓይኗ ለካችውና በእንግሊዝኛ «አልጋውን መያዝ አንችልም» አለችኝ።

ቃሉ ገብቶኛል፤ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያልገባኝ ሐሳቡ ነው። በእኛ ቋንቋ አልጋ የሚይዘው ወይ መንገደኛ ነው ወይ በሽተኛ። ካረን የትኛዋ ናት?

ተቀምጣ አስረዳችኝ። ስቴቱ ለባዶ አልጋ አይከፍልም። ዘውዴ ሆስፒታል ባደረ ቁጥር አልጋው ለቤቱ ኪሳራ ነው። በደጉ ጊዜ ትንሽ ይጠብቁ ነበር። አሁን ግን ለደሞዝ ከባንክ ተበድረዋል፤ የዳይፐር አቅራቢው በዱቤ አልሰጥም ብሏል። ባጭሩ ትዕግስት አለቀ (ልጅቷ አይደለችም)። እናም ዳሌውን የቀየረ፣ ሚስተር ዶን የሚባል የሜዲኬር ሰው ተገኝቷል። ሜዲኬር የፌደራሉ መንግሥት የአረጋውያን መድን ነው፤ አብልጦ ይከፍላል፣ ቀኑንም ያከብራል።

«ዘውዴስ ሲመለስ?»

«ባዶ አልጋ ካለን እዚህ። ከሌለ ሌክዉድ ያለው ቤት ይቀበለው እንደሆነ እንጠይቃለን።»

ሌክዉድ ከዴንቨር ወዲያ ማዶ ነው። ዘውዴ አይነዳም። እኔ መኪናዬን ሸጫለሁ። ሌክዉድ ከገባ ድምፁን የምሰማው በስልክ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ጆሮው አይሰማም።

ስለዚህ አልጋው ባዶ ነው፤ አልጋ ወራሽም ታጭቷል። የታሪክ መምህሬ ቢሰሙ ይኮሩብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስነጠሰኝ። ጠበቅኩ። «ይማርህ» የሚል የለም።

ረቡዕ

የዘውዴ ልጅ ሂሩት ከሥራዋ ደወለች። ሞንትቤሎ ትኖራለች፤ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ከጀርባዋ የበረራ ቁጥር ይጠራል።

«ጋሼ፣ አልጋው እንዲያዝለት ከፈለግሽ በየቀኑ ከኪስሽ ክፈይ አሉኝ። ከየት አምጥቼ? ሌላ ቤት ከገባ ደግሞ ማን ያናግረዋል? ከታመመ ወዲህ እንግሊዝኛው እኮ ጠፍቶበታል።»

«አታስቢ። እኔ እይዘዋለሁ።»

«በምን?»

«በጀርባዬ።»

ያዝኩት። ትዕግስት እየሳቀች ትራሴን አሻገረችልኝ። ሕጋዊ መሠረቱ ይህ ነው፦ ለእኔ ተከፍሎልኛል፣ ገንዘቡ ባይደርስም። እኔ የተኛሁበት አልጋ ባዶ ሊባል አይችልም። ስለዚህ የዘውዴ አልጋ ባዶ አይደለም። ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ በእንደራሴነት እያስተዳደርኩ መሆኔ ይታወቅ።

ፍራሹ በእሱ ወገብ ልክ ጎድጉዷል፤ እኔ ቀጭኑ ሰመጥኩበት። አንሶላው ተቀይሯል፣ የቪክስ ሽታው ግን አልለቀቀም። እነሆ፣ ስንት ዓመት የተማረርኩበትን ሽታ እያሸተትኩ ነው። ሬዲዮውን ከፈትኩት። ዘጋሁት። ጣቢያው ያው ነው፤ የጎደለው ከዜና አንባቢው ጋር እየተጣላ የሚያዳምጠው ሰው ነው። እኔ አማርኛ የተማርኩት አስመራ፣ በአለንጋ ነው። ዘውዴ ግን በነጻ ያርመኝ ነበር፤ በተለይ ስናደድ፣ በተለይ እኔ ትክክል ስሆን።

ሐሙስ

ካረን ገብታ በዘውዴ አልጋ ላይ ተዘርግቼ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣችም። በሩ ላይ ያለውን ስሜን ነቅላ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ለጠፈችው። «ጥሩ አደረግክ፣ ሀብቴ። ብርሃን ታገኛለህ» አለችኝ።

ከዚያ ባዶ የሆነው የእኔ አልጋ ነው። ሚስተር ዶን ምሳ ሳይደርስ ገባበት። እንደራሴው ዙፋኑን አድኖ አገሩን አጣ።

ዶን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለእሱ ፑዲንግ መጣለት (እንዴት ነው ነገሩ?)፤ ግማሹን ሰጠኝ። በላሁት። ፖለቲካ ሌላ፣ ፑዲንግ ሌላ። ሳስነጥስ «ብለስ ዩ» አለኝ፤ አመሰገንኩት። ግን «ያኑርህ» ብዬ የመመለስ አምሮቴ አልወጣልኝም።

ካረንን ኮሪደር ላይ ጠየቅኳት። ዘውዴ ነገ ከሆስፒታል ይወጣል። ቦታ የለም። የሌክዉድ መልስ እየተጠበቀ ነው። «ሥርዓቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለች። እንዲያ ስትል ሥርዓቱ ራሱ ሹራብ ለብሶ የደከመው መሰለኝ። እራቴን አልበላሁም። ጄሎውን ብቻ አየሁት፤ እሱም ተንቀጠቀጠ።

ዓርብ

ትዕግስት በሩን በርግዳ ገባች። «አባባ! ጋሽ ዘውዴ ሜዲኬር ሆኑ!»

አባባሏ «ደጃዝማች ሆኑ» እንደማለት ነው። ቀስ ብላ እንድታስረዳኝ ለመንኳት። ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ወደ ነርሲንግ ሆም ሲመለስ፣ ማገገሚያ ካስፈለገው፣ ለጊዜው የሚከፍልለት ሜዲኬር ነው። ዘውዴም ሜዲኬር አለው፤ ሐኪሙም ማገገሚያ ያስፈልገዋል ብሎ ዛሬ ጠዋት ጽፏል። እስኪያገግም ድረስ ከስቴቱ እጅ ወጥቷል።

ትናንት ቦታ የለም ያለችው ካረን ዛሬ ቦታ አገኘች፤ በፊተኛው ክንፍ፣ ምንጣፍና የአበባ ማስቀመጫ ባለበት። ሰውየው ያው ሰውየው ነው። ሳንባው ወረደ፣ ዋጋው ወጣ። ስድቡን ጀምሬ ነበር፤ መሀል ላይ ስቄ ተውኩት። ሌክዉድ ቀረ እኮ!

ቅዳሜ

ዎከሬን፣ የመራመጃ መደገፊያዬን፣ እየገፋሁ ወደ ፊተኛው ክንፍ ሄድኩ። ሩቅ ነው፤ ሁለት ቦታ ቆሜ አረፍኩ። ዘውዴ ከስቷል። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ሲያየኝ ቱቦውን ገፋ አደረገው።

«አንተ ሀብቴ! አልጋዬን ያዝክ አሉ!»

«ጠበቅኩልህ እንጂ።»

«ድንበር ጥሰህ ገብተህ ጠበቅኩ ትላለህ? ስምህንም ለጥፈሃል አሉ!»

«የለጠፈችው ካረን ናት።»

«ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው!» አለና ሳለ። ረጅም ሳል ነው። እጁን ያዝኩት። ሳሉ ካበቃም በኋላ አልለቀቅኩትም፤ እሱም ልቀቀኝ አላለም።

«ሜዲኬሩ ሲያልቅ ወዴት ነኝ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ይህን ካረንም አታውቀውም። ዶን ቶሎ ከዳነና ቤቱ ከሄደ ዘውዴ ወደ ክፍላችን ይመለሳል። ዶን ሳይድን ሜዲኬሩ ካበቃ፣ ወይም ጁላይ ገብቶ የስቴቱ ገንዘብ ካልመጣ፣ እንደገና ሌክዉድ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፊዚካል ቴራፒ ሄጄ ዶን አጠገብ ቆምኩ፤ «አንድ እርምጃ ጨምር፣ ዶን! ጎበዝ!» እያልኩ። እንዲህ የሚወደኝ ሰው አይቼ አላውቅም አለኝ። ለአንድ ፕሮቴስታንት ዳሌ ይህን ያህል ጸልዬ አላውቅም።

እርማት፦ በሰኞ ዕለት ማስታወሻ ላይ «ክፍሉ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ነጻነት ነው» ተብሎ የሰፈረው በስህተት ነው። «ክፍሉ ባዶ ሆነ» ተብሎ ይነበብ። የቀረው እንደተጠበቀ ነው።