ጣርማ በርን ሳትወርድ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃነ መስቀል ወልደአረጋይ፣
አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሃል የምልህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማይጻፍ ነው እንጂ ደኅና መሆንህን በርበሬ ነጋዴው ያሕያ ነግሮኛል። «መርካቶ አገኘሁት፣ ወፍሯል» አለኝ። እኔም አልሞትኩም። በቅሎዋም አልሞተችም። እናትህን አመተ ማርያምን ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ብትኖር ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በመሃላችን እየተመላለሰች የምታስታርቀን እሷ ነበረች። አሁን ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ንዴቴ ነን።

ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቅ። ዳዊት ሳልደግም ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። ገበያ ዳር ለሰው የሚጽፈውን ሰውዬ ልጠራ ነበር፤ ግን እሱ ጠዋት የሰማውን ማታ ጠጅ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ይህ ደግሞ ሰው እንዲሰማው የምፈልገው ነገር አይደለም። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ራሴ እየጫርኩ ነው። ጣቴ በሙሉ ቀለም ሆኗል።

የምጽፍልህ ስለዚያች መኪናህ ነው። ሚስትህን ባፈናን ይዘህ ሐሙስ ወደ አዲሱ ሥራህ ወደ ደሴ ልትሄድ ነው አሉ። ለእኔ አልነገርከኝም። ሚስትህ ሰባት ወሯ ነው አሉ። ይህንንም አልነገርከኝም። የልጅ ልጄን ወሬ ከበርበሬ ነጋዴ የምሰማ አባት አድርገኸኛል። ይሁን። ብቻ ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳታነብ ሞተሩን እንዳታስነሳ።

መጀመሪያ የአንተን ጥፋት ልናገር።

ሰው መኪና የሚገዛው ከሰው ከፍ ብሎ ለመቀመጥ ነው። አንተ አንድ ጣሊያን አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደውን፣ አሥራ ምናምን ዓመት የተነዳውን፣ «ለውድድር የተሠራ ዘር ነው» ያሉህን ቀይ መኪና ገዛህ። በቅሎ ስትገዛ ጥርሷን ታያለህ። አንተ ያየኸው ቀለሙን ነው። ከዚያ ፍሬኗ አልቆ፣ ሞላዋ ላልቶ ግቢዬ ውስጥ ጥለሃት ሄድክ። ክረምቱን ሙሉ ዶሮዎቹ ከሥሯ እየገቡ ይጥሉ ነበር፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለእንቁላል ስል በእንብርክክ ስሄድ ከረምኩ።

ከዚያ ዕቃ በካርቶን መላክ ጀመርክ። ደመወዝህ አዲስ ስለማይገዛ፣ ከወደቀ መኪና የተፈታ ንረት የሚያበርድ አሞርዛተር፣ ሌላ ሰው የጣለው ሞላ፣ ከጭነት መኪና የተረፈ ባሌስትራ፣ ያ ንብርብሩ የብረት ሞላ። አዲስ የነበረው የፍሬኑ ሸራ ብቻ ነው፤ እሱም የሚበቃው ለሁለት እግር፣ ለሁለት ጎማ ነው። መመሪያ የጻፍክበት ወረቀትም ነበረው። ወረቀቱ የተጻፈው ለመካኒኩ ለገብረ ሕይወት ነው። ግቢው የእኔ፣ ወረቀቱ የእሱ።

ገብረ ሕይወትን ታውቀዋለህ። ጣሊያኖች ጋራዥ የተማረ፣ እጁ ጥሩ፣ አፉ መጥፎ። መጣና የፊቱን ሞላ አውጥቶ አንድ ዙር በመጋዝ ይቆርጠው ጀመር።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት።

«ብርሃነ መስቀል ዝቅ ትበል ብሏል።»

«ከፍሎ ዝቅ የሚል የእኔ ልጅ ብቻ ነው» አልኩት። ሳቀ። ለኋላዋ ደግሞ ከጭነት መኪናው ባሌስትራ አንዱን ብረት በልኳ ቆርጦ ጨመረላት። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎቹ ከሥሯ መግባት ተዉ። አሞርዛተሮቹን ፈታ፣ አጠበ፣ ዘይት ሞላቸው። ሲጨርስ ጥጓን ይዞ ወደ ታች ገፋት። ያቺ ሰው ሲደገፋት ታረገርግ የነበረች መኪና አንዴ ወረደች፣ አንዴ ወጣች፣ ቀጥ አለች። ደስ አለኝ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ፍሬኑ ላይ ስንደርስ ተጣላን።

«ጋሼ፣ አዲሱ ሸራ ለፊቱ ነው» አለኝ። «ወረቀቱ እንደዚህ ይላል። ሌላ እስኪልክ ኋላው በአሮጌው ይቆያል።»

«ስማ» አልኩት። «ከአንኮበር አሊዩ አምባ ጭነት ሳወርድ አርባ ዓመቴ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነት የሚያዘው ከኋላ ነው። ጠፍሩ በጅራቷ ሥር የሚያልፈው ለምን ይመስልሃል? ሰው ጅራት ይዞ የሚወርደው ለምንድን ነው? ግንባሯን ይዞ በቅሎ ያወረደ አይተሃል?»

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ በቅሎ አይደለችም።»

«አንተ ግን አህያ ነህ» አልኩት።

መፍቻውን ጣለው። «እንዳሉ ይሁን። ልጁ የእርስዎ ነው» ብሎ አዲሱን ሸራ ለኋላ እግሮቿ መታላት፣ አሮጌውን ለፊት መለሰው።

ማንበብ አቅቶት ነው እንዳትል! አንብቤዋለሁ። «አዲሱ ለፊት» ይላል፣ ከሥሩም አስምረህበታል። ያናደደኝም ማስመርህ ነው። ለማን ነው የምታሰምረው?

ሲያበቃ ሊሞክራት አሳፍሮኝ ወደ በሬሳ ወንዝ ቁልቁለት ወሰደኝ። መሃል ላይ ፍሬኑን ሲረግጥ ኋላዋ ዞሮ ቀደመን፤ ስንቆም ፊታችን ወደ መጣንበት ሆኗል። ቆቤ ከእግሬ ሥር ነው።

«አዩ?» አለኝ።

«ጭቃው ነው።»

«ጋሼ፣ መሬቱ ደረቅ ነው።»

«ጭቃው ነው አልኩህ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከገብረ ሕይወት ጋር ሰላምታም የለን።

አንተ መኪናዋን ልትወስድ የመጣኸው በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው። ገብረ ሕይወት የተሰበረ መኪና ሊሠራ እነዋሪ ሄዶ ነበር። ደጄ ላይ ቆመህ፣ ሚስትህ ከኋላህ በጋቢ ተጠቅልላ እየሰማች፣ «አባባ፣ ገብረ ሕይወት የጻፍኩለትን አደረገ?» አልከኝ። እንዴት ከረሙ አላልክም። ማን ቆሞ አሠራት፣ ማን ውሃ አቀበለ፣ ማን ብርድ ላይ ዋለ አላልክም። ገብረ ሕይወት አደረገ ወይ ብቻ።

«ተደርጓል» አልኩህ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ዋሽቼሃለሁ። ስትወጡም ልሸኛችሁ አልወጣሁም። ባፈና በመስኮቱ «አባባ፣ ደኅና ይዋሉ» ስትል ሰምቻለሁ። የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ገብስ ጭኜ ከያሕያ ጋር ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ጉልበቴ ታሞ ስለነበር ያሕያ «አያ ወልደአረጋይ፣ ዛሬስ ጅራቱን እኔ ልያዝልዎ፣ እርስዎ ቀድመው ይውረዱ» አለኝ። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ሆንኩ። ያ ገደሉ ላይ የሚጠመዘዘው ቦታ ስደርስ በቅሎዋ እንዳትመጣብኝ ዞር አልኩ።

ብርሃነ መስቀል፣ የያዘችው በፊት እግሯ ነው። የፊት ኮቴዋን ድንጋዩ ላይ ትተክላለች፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ደረቷ ያብጣል፣ ጭነቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ ነው። የኋላ እግሯ መሬቱን ነካ ነካ ያደርጋል እንጂ አንድም ነገር አይዝም።

«ጅራቱን ልቀቀው» አልኩት ያሕያን።

«አያ፣ ምን ነካዎት? ገደል እኮ ነው!»

«ልቀቅ አልኩህ!»

ለቀቀው። በቅሎዋ ዞርም አላለች። ያንኑ እርምጃዋን እየረገጠች በፊት እግሯ ይዛ ወረደች። አርባ ዓመት ሙሉ የያዝኳት እኔ መስሎኝ ነበር።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያሕያ «ሱብሐነላህ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ። ጉልበቴ ነው አልኩት። ገበያ ደርሰን ጭነቱን ስናራግፍ ነው «ልጅዎ እኮ በመጪው ሐሙስ ሚስቱን ይዞ በመኪናው ደሴ ሊሄድ ነው» ያለኝ። በርበሬዬን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከዚህ አዲስ አበባ ሜዳ ነው፤ ከዚያ ወዲህም የነዳሃት ከቤትህ ሥራ ቤትህ ብቻ ነው አሉ። ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ አመሏን አታሳይህም። ጣርማ በር ግን ሌላ ነው። ከዋሻው ስትወጣ መንገዱ ከእግርህ ሥር ጠፍቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ነው። በሬሳ ላይ ኋላዋ ሲቀድመን የምንዞርበት ሜዳ ነበረን። እዚያ የምትዞርበት መሬት የለም። ያለው ጉም ነው።

ስልክ ለምን አልደወለም ትል ይሆናል። አንደኛ፣ አንተ ስልክ የለህም። ሁለተኛ፣ ቢኖርህስ፣ ስልክ ቤት ሙሉ ሰው ተሰልፎ እየሰማኝ «ልጄን ዋሽቼዋለሁ» ብዬ ልጩህ? ለምን ራሱ አልመጣም ካልክም፣ ይህን ፊትህን እያየሁ አልናገረውም። በወረቀትም የጻፍኩት አንዴ ነው፣ ድገምልኝ ብትል አልደግመውም።

ያሕያ ነገ ረቡዕ በጭነት መኪና ይነሳል፤ ማታውን ቤትህ ይደርሳል። ገብቶ ከመቀመጡ በፊት፣ ወረቀቱን ከመስጠቱም በፊት፣ የመኪናዋን ቁልፍ እንዲቀበልህ አዝዤዋለሁ። አልሰጥም ካልክ ደጅህ ላይ መኪናዋ ፊት ለፊት ይተኛል፤ ምሏል፣ ያሕያ ደግሞ ቃሉን አይበላም። የመኪናዋ አራቱም እግሮች ልካቸው አንድ ነው። አዲሱን ሸራ ከኋላ አስነቅለህ ለፊት አስመታ። የፊቱ እግር ተከፍቶ ያሕያ ሸራውን በዓይኑ ሳያይ ቁልፉን አይመልስልህም። ሐሙስ ካልደረሰ ቅዳሜ ሂድ። አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ፤ አባቴ ደደብ ነው በለው፣ እፈቅድልሃለሁ።

ገብረ ሕይወት ልክ ነበር። ለእሱ የምትነግረው አንተ ነህ፣ እኔ አልነግረውም። መፍቻውን ግን ከግቢዬ አንስቼ፣ ጠርጌ፣ በሩ ላይ ትቼለታለሁ።

ባፈናን መንገድ ላይ አታንገላታት። ከፊት ካልሆነች የሚያማት ከሆነ ከፊት አስቀምጣት። ያንን ቆርጣችሁ ያደነደናችሁትን ሞላ ነፍሰ ጡር የምትችለው አይመስለኝም፤ ከሥሯ ወፈር ያለ ነገር አንጥፍላት። እናትህ ብትኖር እዚህ ጋ ረጅም ምርቃት ታዘንብ ነበር። እኔ የምለምነው አንድ ነው፦ ቁልቁለቱን ሦስታችሁንም እግዚአብሔር በእጁ ያውርዳችሁ።

በደብረ ብርሃን ስታልፍ ቤት ግባ አልልህም። ዝግጅትም የለኝም። አጥሬ አጠገብ ስትደርስ ግን አንድ ጊዜ ፍሬኑን ርገጠው። አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ ጭራዋ ቀጥ ካለ መንገድህን ቀጥል። ውጭ ቆሜ አያለሁ። ያን ቀን አልተኛም።

አባትህ
ወልደአረጋይ