መቅደስ ጠበል ገብታለች

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ጠዋት።
ምዕራፍ አምስትን እንደገና ጀመርኩ። አይገባኝም። ዝናብ፣ ብርድ፣ የከተማችን የሞላሌ ጭቃ። የመውጫ ፈተናው ሰኞ ደብረ ብርሃን ነው፤ አብራኝ የምትፈተነው መቅደስ ደግሞ ጠበል ገብታለች። የወሰዷት አማቷ እማማ በለጡ ናቸው። ካገባች ሁለት ዓመቷ፣ ልጅ የለም፤ ሱባኤውን ሳትጨርስ ንቅንቅ የለም አሉ። የሚያልቀው ከፈተናው በኋላ ነው።
ስሚኝ እንግዲህ፣ ማስታወሻዬ፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን? መካን አይደለችም። ክንዷ ውስጥ የወሊድ መከላከያ ተቀብሯል። እስክትመረቅ ብዬ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ የተማሪዎች የቤተሰብ ዕቅድ ክበብ ሰብሳቢ። የክበባችን ሕግ የጓደኛን ምስጢር አለማውጣት ነው። ባሏ ያውቃል፤ እናቱን ፈርቶ ስልኩን ዘግቷል። ወንድ ተብሎ!

ዓርብ፣ ሰኔ 6።
ዘዴ አገኘሁ ብዬ ነበር። የሚያጠምቋት መምሬ ገብሬ የነፍስ አባቴም ናቸው። በንስሐ ብነግራቸው ምስጢሩ አይወጣም፣ እሳቸውም ሱባኤውን አሳጥረው ይለቋታል። ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ፦ «ልጄ፣ በንስሐ የሰማሁትን ይዤ አደባባይ አልወጣም። እንዲያው በወሬ ብትነግሪኝ አንድ ነገር እል ነበር። አሁንማ አፌን ዘጋሽው።»
ለራሴም ስግደት አዘዙኝ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ መልቀሙም አቅቶኛል። ተስፋ ቆርጫለሁ። መጽሐፉን ወረወርኩት፤ መልሼ አነሳሁት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ከሰዓት።
ጠበሉ ዘንድ ወረድኩ። መቅደስ ከንፈሯ ጠቁሯል። እማማ በለጡ አብረዋት ይጾማሉ፤ ጋቢያቸውን ለሷ ደርበው እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ! ለካ ዘመድ አዝማዱ ልጃቸው እንዲፈታት ይወተውታል፤ እሳቸው ናቸው ቆይ ጠበሉን እንሞክር ብለው ትዳሯን የያዙላት።
ውኃ ሊቀዱ ዘወር ሲሉ፣ ልንገራቸው ወይ አልኳት። አለቀሰች። ያስፈቱኛል አለች። ዝም ብትዪም መፈታትሽ አይቀርም፣ ያውም ሳትመረቂ፣ አልኳት። እንዲህ ይባላል? ግን እውነት ነው። እንባዋን ጠርጋ፣ አንቺ ጀምሪው፣ እኔ አፌ ይታሰራል አለችኝ።
የደብረ ብርሃን መኪና ነገ ረፋድ ላይ ይነሳል። ቢረግሙንስ? ወድቀው ቢቀሩስ?
ይሁን። ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። እኔ እናገራለሁ። መቅደስ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ታሳያቸዋለች።