መተላለፊያው ካንቺ ጀርባ ነው

አክመሎር፣ ረቡዕ፣ ኦገስት 14

እናቴ፣

ደብዳቤሽን ዶሊና ሰኞ አመጣችልኝ። የፖስታ መኪናዋን ሳታጠፋ «ከግላስጎው ነው፤ ከበድ ይላል» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጫማዋን አየሁ። ሁለቴ አነበብኩት። የቅዳሜውን የአውቶቡስ ቲኬትም አግኝቼዋለሁ።

እኛ ደህና ነን። የአያቴ አንገት ብቻ ወደ ኋላ መዞር እምቢ ብሏል። «ወደፊት ካየሁ ምን ጎደለኝ?» ይላሉ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶሽ ሰው በር ሲያንኳኳ ጓዳ ትደበቂያለሽ፤ እኔ ጋ ፀጉር ቤት ብትሠሪ አፍሽ ይፈታል» ብለሻል። እውነት ነው፣ እደበቃለሁ። ግን የትናንቱን ስሚና ከዚያ ፍረጂ።

ትናንት በዓመት አንዴ የሚቆመው የጠቦት ገበያ ነበር። አያቴ ገና በጠዋቱ «ዘንድሮ ካልሸጥን በጎቹን እተዋቸዋለሁ፤ አንቺም ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ» ብለውኛል። አርባ ጠቦት ተሳቢው ላይ ጭነን ወጣን። የበጋውን ጎብኚ ታውቂዋለሽ፤ አሁን ብሶበታል። ባሕሩን እያዩ ዳርቻውን ሊዞሩ ይመጣሉ፣ መንገዱ መተላለፊያ ተብለው ሰፋ ከተደረጉት ቦታዎች በቀር አንድ መኪና ብቻ እንደሚያሳልፍ የሚገባቸው ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ነው።

ዳገቱ ወገብ ላይ፣ አንቺ «የፍየል አፍንጫ» የምትይው ጥምዝ ጋ፣ አልጋና ምድጃ የጫነ ትልቅ የጉብኝት መኪና ቁልቁል መጥቶ ፊታችን ተገተረ። ሰውየው በእጁ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» አለን። ከኋላችን ተሳቢው ነው፣ ከተሳቢው ጎን ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ባሕሩ። የአያቴ እጆች መሪውን ጨምቀው ነጡ። «እንግዲህ እንሞክራለና» አሉ። ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ይመለሱ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ ለሽርሽር ነው የመጣነው! አያትሽ ኋላ ማርሽ አያውቁም እንዴ?» ሚስቱ ሳቀች።

«አያቴ እርስዎ ሳይወለዱ ጀምሮ ያውቃሉ። ግን የሚመለሰው መተላለፊያው የቀረበው ሰው ነው። የእኛ ከሦስት ጥምዝ በታች ነው። የእርስዎ ሠላሳ እርምጃ ነው።»

«እዚያማ ሰው ምሳ እየበላ ነው!»

አልዋሸም። ባልና ሚስት መተላለፊያው መሐል ጠረጴዛ ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። ወደ እነሱ ሄድኩ።

«ይሄ ቦታ መኪና የሚተላለፍበት ነው። እባካችሁ አንሡ።»

«ውይ የኔ እናት፣ ባሕሩን ማያ መስሎን ነው!» አለች ሴትዮዋ።

«ባሕሩ ነገም እዚሁ ነው። ገበያው ግን ዛሬ ብቻ ነው።»

ጠረጴዛው ታጠፈ። መኪናቸውን ወደ ጫፉ አስጠጉ። ተመልሼ መጥቼ «ተለቋል» ስለው ሰውየው ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ እኮ... ወደ ኋላ መንዳት ብዙም አይሆንልኝም» አለ ቀስ ብሎ።

«እጄን ይዩ» አልኩት።

ይሄን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የበረቱ በር ላይ። «የሚነዳውን ሰው ፊት አትዪ፣ ጎማውን እዪ። ጎማ አያሳፍርም» ብለሽኝ ነበር። ጎማውን አየሁ። ሠላሳውንም እርምጃ መለስኩት።

ስናልፍ አያቴ እንደ ወጉ ለሰላምታ አንድ ጣታቸውን ከመሪው ላይ አነሡለት።

«ለሱም?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ጣት ማንሣት ለመንገደኛ ሁሉ ነው» አሉ።

ገበያው ሊዘጋ ሲል ደረስን፤ ጠቦቶቹም ተሸጡ። ዶሊና ዛሬ «ትራፊክ ፖሊሷ ደህና አደርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ስቄ ጫማዋን አየሁ። አፌ ያው ነው እናቴ፤ አልተፈታም። ሲያስፈልገኝ ግን አልከዳኝም።

ቅዳሜ አልመጣም። ቲኬቱን እዚሁ ውስጥ መልሼልሻለሁ። አትቆጪ፣ አያቴንም አትውቀሺ፤ «ሂጂ» ቢሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ቆመን አንዳችን ሌላችንን «ተመለሺ» እንባባላለን። ከኔ ጀርባ አያቴና በጎቹ አሉ፤ እኔ ልመለስ አልችልም። መተላለፊያው ካንቺ ጀርባ ነው።

ከመጣሽ መንገዱን እንዳትፈሪ። የፍየል አፍንጫ ጋ ቆሜ በእጄ አስገባሻለሁ። ብዙ ማውራት የለብንም።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያስፋልሽ።

ልጅሽ ኢሽቤል

ይሄን መጨረሻ ላይ ልጻፈው። የሄድሽ ቀን በአጥሩ በኩል ስታልፊ ጣትሽን ከመሪው ላይ አንሥተሽልኝ ነበር። አላየሁም ብዬ ለአያቴ ዋሽቻለሁ። አይቼሻለሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነው የቆምኩት።