በአንቺ ስም ደክሞኛል አልኩ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቆመሽ ስትውዪ የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? መንትዮቹ አሁንም በአንድ ካልሲ ይጣላሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ እማዬም ደህና ነች፤ ፈጣሪ ይመስገን። ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ይህንኑ አስቀደምኩልሽ። ዛሬ ጠዋት ሾርባዋን እስከ ጭላጩ ጠጥታ ስታበቃ ጨው አንሶታል ብላ ተቆጥታኛለች። እሷ ከተቆጣች ድናለች ማለት ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ስልኩ ገና ከመጮሁ እማዬ ከእጄ ትነጥቀዋለች፤ ለእኔ የሚተርፈኝ የአንቺ «ቻው» ብቻ ነው። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ድምፅ አውጥቼ ብናገረው የሚያሳፍረኝ ስለሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ በትልቁ አንጀቷ ውስጥ እጢ አለ፣ ሳይውል ሳያድር በቀዶ ጥገና ይውጣ ካሉ በኋላ እማዬን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመንኳት። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «በዚህ ዕድሜዬ ሆዴን ማንም አይከፍተውም» ብላ ድርቅ አለች። ጎረቤቶቻችንን ሰብስቤ አመጣሁባት፤ ሻይ አጠጥታ፣ መርቃ ሸኘቻቸው። ከዚያ እሁድ አንቺ ደወልሽ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «እማዬ፣ ሆስፒታል ግቢ» አልሻት፤ «እሺ ሚጡዬ» አለችሽ፤ በቃ። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና «ቦርሳዬን አዘጋጂ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለችኝ። በደስታ መዝለል ነበረብኝ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ነጠላ ጫማዋን ቦርሳው ውስጥ የወረወርኩት አንቺን እያሰብኩ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀን የሰመመን ባለሙያው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ወጣት ነው፣ ቀልደኛ። እኔ በዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምሠራ ያውቀኛል፤ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚለብሰውን አረንጓዴ ልብስ የምተኩስለት እኔ ነኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ለሐሞት ጠጠር ተኝታ ከሰመመን ስትነቃ ምን እንደሆነች ነገርኩት። ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር፤ የክንዷን ቱቦ ነቅላ፣ ነርሷን ሁሉ ነክሳለች። ያኔም አንቺ አልነበርሽም።

ልጁ በደንብ አዳመጠኝና ከዋናው ማደንዘዣ ጋር አንድ ማረጋጊያ መድኃኒት ጠብ ጠብ እያደረገ በደም ሥሯ እንደሚሰጣት አስረዳን። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ ዓይኑን ከእሷ ላይ እንደማይነቅል፣ ስትነቃ ግን ሳትደነግጥ ቀስ ብላ እንድትነቃ እንደሚያግዛት ነገረን። ሌላውንም የሕመም ማስታገሻ መጠኑን ይቀንስልናል፤ ያ ሲበዛ አንጀትን ያሰንፋልና አለ። እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምስጢሬን ያስለፈልፈኛል?»

«ኧረ እማማ፣ የሚያረጋጋ እንጂ የሚያናዝዝ አይደለም» አላት።

«እንግዲያው ጥሩ። ይህቺ ከሰማችኝ ዓመት ሙሉ ታኮርፈኛለች» ብላ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም በጥርሴ ሳቅሁ።

በነጋታው ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷት በሩ ድረስ እጇን ይዤ ሄድኩ። አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጎንበስ አልኩ። «ሚጡ ከደወለች አንሺ» አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነልኝም። ወደ ልብስ ማጠቢያው ወርጄ የተተኮሰ አንሶላ ደግሜ መተኮስ ጀመርኩ። አለቃዬ አየችኝና «አንሶላው ምን አደረገሽ?» ብላ ካውያውን ከእጄ ወሰደችው። ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው። ለእማዬ ነው እንዳልልሽ ለራሴም ነበር፤ ለአንቺ ነው እንዳልልሽ በአንቺ ላይ ነበር። እማዬ እዚያ ተኝታ ብትቀር የመጨረሻ ቃሏ የአንቺ ስም ሆኖ ሊቀር ነው እያልኩ ነው የቀናሁት። ሰው በእናቱ የመጨረሻ ቃል ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ጠሩኝ። ሐኪሙ ከአንጀቷ አንድ ስንዝር ያህል ከነእጢው ቆርጠው ጤነኛውን ከጤነኛው እንደገጠሙት ነገሩኝ።  ከዚያ ከሰመመን ወደሚነቁበት ክፍል ገብተሽ ልታዪያት ትችያለሽ ብለው ጋዋን፣ ኮፍያ፣ ጭምብልና ጓንት አለበሱኝ። ከእኔ የሚታየው ዓይኔ ብቻ ቀረ። ዓይናችን ደግሞ፣ መቼም ታውቂያለሽ፣ የአንድ ሰው ነው የሚመስለው።

እማዬ እንዳለፈው አልጮኸችም፣ ቱቦም አልነቀለችም። ማረጋጊያው ገና ከሰውነቷ ስላልወጣ ዓይኗን እንደከበደ መጋረጃ ቀስ አድርጋ ገለጠችው። አየችኝ። ፊቷ በራ። እንዲያ ሲበራ ለእኔ አይቼው አላውቅም።

«ሚጡዬ፣ መጣሽ?» አለች።

ኧረ እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጇን አንስታ ጭምብሌን ዳሰሰችና «ያን ሁሉ መንገድ! ደከመሽ አይደል ልጄ?» አለችኝ።

እህቴ፣ አንቺ ከሄድሽ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገላዋን አጥቤያለሁ፣ ጥፍሯን ቆርጬያለሁ፣ ሥራ ውዬ ገብቼ ምግቧን አብስያለሁ። አንድ ቀን ደከመሽ ወይ ብላኝ አታውቅም። እንግዲህ ጥያቄው ለአንቺ የመጣ ነበር፤ እኔ ሰረቅሁት። በአንቺ ስም «አዎ እማዬ፣ በጣም ደክሞኛል» አልኳት።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ጋደም በይ» አለች። ራሴን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ጣል አደረግሁ። እጇ ኮፍያዬን ይደባብሳል። ብታምኚኝም ባታምኚኝም እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። የነቃሁት ያ ቀልደኛ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «መድኃኒቱን የሰጠሁት ለማን ነው?» ብሎ ሲስቅ ነው።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወደ ተኝቶ መታከሚያው ክፍል ከተዛወረች በኋላ ግን ለመጣው ለሄደው፣ «ልጄ ከሩቅ መጥታ ነበር፤ ደክሟት አጠገቤ ተኛች» ማለት ጀመረች። የጎን አልጋዋ ሴትዮ «ታድለሽ! እንዲህ ያለች ልጅ!» እያለች ትመርቅሻለች፤ እኔ የሽንት ከረጢት ይዤ በመካከላቸው አልፋለሁ። የሰመመን ባለሙያውን ብጠይቀው መድኃኒቱ ውሎ ሳያድር ከሰውነቷ ወጥቷል፣ አንዳንድ ሰው ግን በዚያ ሰዓት ያየውን እንደ ሕልም ይዞት ይቀራል አለኝ። ሕልሙ የአንቺ ሆነ፤ ከረጢቱ የእኔ።

በአራተኛው ቀን ከአልጋ አውርጄ ሳለማምዳት፣ ክንዴን ተደግፋ እየተራመደች «ሚጡ ብትኖር እንዲህ አትጎትተኝም ነበር» አለችኝ። ያኔ ፈነዳሁ። «እኔ ነበርኩ! የመጣ ሰው የለም፤ የደከመኝም የተኛሁትም እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። 

እማዬ ቆመች። እዚያው እንደተደገፈችኝ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ ያለችኝን እስካሁን ስበላም ስተኛም አስበዋለሁ፤ «አንቺ ልትሆኚ አትችይም። አንቺ አይደክምሽም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይደክምሽ ነበር እንዴ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሚጡ እኮ በየሳምንቱ ትነግረኛለች።»

 እውነቷን ነው። አንቺ በስልክ ጉልበቴን አመመኝ፣ ልጆቹ አስቸገሩኝ ትያታለሽ። እኔ ስትጠራኝ «አቤት»፣ ስታዝዘኝ «እሺ» ብቻ ነኝ። አልጋዋ ላይ መልሼ ሳስቀምጣት እጄን አልለቀቀችም። «ከአንጀቴ የወሰዱት ስንዝር ነው፤ የቀረው ለሁለታችሁም ይበቃል» አለች። ቁስሉ እያመማት ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከእጢው የተወሰደው ናሙና ውጤት ከላቦራቶሪ ተመልሷል። እጢው ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም ብለዋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ቀጥረዋታል። ቤት ከገባን ስምንተኛ ቀናችን ነው። ከሥራ ስገባ ከመኝታዋ ሆና «ደከመሽ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ከልማድ «አልደከመኝም» እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር። ትናንት «ደከመኝ» አልኳት። «እንግዲያው ተቀመጪ፣ ሾርባው ይቆይ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

እማዬ ሁልጊዜ ሚጡ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትጠይቀኛለች። ልቧን እንዳላስከፋ ቶሎ ነይ ብዬ መጻፍ ይገባኛል። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ለክትትሉ ብትደርሺ ይበቃል። እስከዚያ ይህቺን «ደከመሽ?» የምትል ጥያቄ ብቻዬን ልስማት። ገና አልጠገብኳትም።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ መንትዮቹን አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ጉንጯ ሳሚያቸው፣ እንዳይጣሉ። እማዬ ይህን ስጽፍ አይታ ዓይኗን ሳሚልኝ ብላኛለች። እኔም ስሜሻለሁ፤ ቂሜ እንዳለ ሆኖ።

ታላቅ እህትሽ

ከእማዬ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን