ዳኛው ያላያት ኳስ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

እሺ አልኩት። በቃ፣ ከአፌ ወጣ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ቤዝቦል ልጫወት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያውን አውቶቡስ አብሮኝ የሚነዳው ዴል፣ ነጩ ሽማግሌ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወትበት ቡድን አለው። የዛሬውን ዓይነት ቤዝቦል አይደለም፤ ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት በነበረው ሕግ ነው የሚጫወቱት። ልብሱም የዚያን ጊዜ ልብስ ነው። ጓንት የለም፣ ኳሷ በባዶ እጅ ነው የምትያዘው። ዘጠኝ ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱን ወገቡን ያዘውና ስምንት ቀሩ። ዛሬ ምሳ ላይ፣ "ሰይድ፣ ቅዳሜ ሥራ አለህ?" አለኝ። የለኝም አልኩት። "መሮጥ ትችላለህ?" ሲለኝ፣ "አሯሯጤን አይቶ የሚከፍለኝ ካለ" አልኩት። ሳቀና ከመኪናው ባርኔጣ አመጣልኝ። አለቀ።

ይሄን ጨዋታ ማን እንደጀመረው ጠየቅኩት። ትምህርት ቤት ሳለ የነገሩት፣ አንድ የጦር መኮንን ኒውዮርክ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ቁጭ ብሎ አስቦ ፈጠረው የሚል ነው። ውሸት ነው አለኝ። ሰውየው ራሱ "እኔ ፈጠርኩት" ብሎ አያውቅም። ጨዋታው ከእንግሊዝ አገር፣ ከልጆች ጨዋታ ጋር በመርከብ የመጣ ነው። ከዚያ የኒውዮርክ ጸሐፊዎችና እሳት አጥፊዎች ሕግ አበጁለት። በኋላ ግን "የኛ ጨዋታ እዚሁ ነው የተወለደ" ማለት አማራቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ተሰበሰቡና የልደት ወረቀት አወጡለት።

"እንደኔ ነዋ!" አልኩት።

እኔስ? ወረቀቴ ላይ የተወለድኩት ጃንዋሪ አንድ ነው። እናቴ ግን "ማሽላ ሲታጨድ ነው" ከማለት በቀር ቀኑን አታውቀውም ነበር። ናይሮቢ የስደተኛ ፎርሙን የሞላልኝ ልጅ ነው ጃንዋሪ አንድ ያደረገኝ። ከኛ ሾፌሮች ግማሾቹ የዚያን ዕለት ነው የተወለዱት፤ አንድ ኬክ ለሁላችን ይበቃል። ይሄን ስነግረው ዴል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ማታ ለቡድኑ ሁሉ ጽፎላቸዋል። በዚህ ጨዋታ ሁሉም ቅጽል ስም አለው አሉ። የኔ "ጃንዋሪ" ሆኗል።

ለልጄ ለሂክማ ገና አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ልምምድ ነበር። መዳፌ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እንዴት ደስ ይላል!

የተማርኩት፦
ኳስ ወርዋሪው ከታች ወደ ላይ ነው የሚወረውረው፣ በትሕትና።
መሳደብ ክልክል ነው። መትፋት ክልክል ነው። ቁማር ክልክል ነው። (ይሄ ጨዋታ ለኔ የተሠራ ነው!)
ኳሷን ከአየር ላይ ብትይዝ፣ ወይም አንድ ጊዜ ነጥራ ብትይዛት፣ መቺው አውት ነው፣ ይወጣል። ሁለቴ ከነጠረች አይቆጠርም።
መቺው ቤዝ የሚሏቸውን ሦስት ማረፊያዎች ዞሮ መነሻው ከገባ አንድ ነጥብ ነው፤ ሦስት ሰው አውት ከሆነ ተራው ያልፋል።
ዳኛው ካላየ ራስህን ይጠይቅሃል። "ሰር፣ በክብርህ፣ ያዝካት?" ይላል። ያልከው ያልከው ነው። ቪዲዮ የለ፣ ምስክር የለ።

የመጨረሻውን ሲነግሩኝ ደረቴ ሞላ። በዚህ አገር መታወቂያ ሳላወጣ ቃሌን የተቀበለኝ ማን ነው?

ሜዳው ፎርት ስኔሊንግ ነው፣ ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ። አውሮፕላን በላያችን እያለፈ ዴል ታሪኩን አወራኝ። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ የሰሜኑም የደቡቡም ወታደር በየሰፈሩ ይሄንን ሲጫወት ነበር አሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደ መንደሩ ይዞት ገባ። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ለጠፋባቸው ሰዎች ይሄ ተገኘላቸው። ግን ወዲያው፣ ክለቦቹ ተሰብስበው ጥቁር እንዳይገባ ወሰኑ። ጥቁሮቹም የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ፤ እዚሁ ሴንት ፖልም ነበራቸው፣ ነጮቹን እየገጠሙ ያሸንፉ ነበር። ትልቁ ሊግ በሩን እስኪከፍትላቸው የሰው ዕድሜ አለፈ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ እኔን "ሰር፣ በክብርህ" ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ አልነበረም። ዴል ይሄን ሲያወራ ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ኳሷን ሲያሽ ቆየና፣ "ቅዳሜ ግን ትጠየቃለህ" አለኝ።

እጄን ስታይ ሂክማ አወቀችብኝ። ነርስ ከሆነች ልጅ ጋር እየኖሩ ምን ይደበቃል?

"አባ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ስኳር አለብህ እኮ!"
"ዶክተሩ ተንቀሳቀስ አላለኝም?"
"ዎክ አድርግ ነው ያለህ!"
"እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?"
"ትስቅብህ ነበር።"
"እኔም እሱ ነው የናፈቀኝ" አልኳት። በረዶ አመጣችልኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ጁምዓ ሰግጄ ወደ ሥራ ገባሁ። ዴል እያነከሰ ነው። የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መጫወት የለም ብለውታል። ቡድኑ ደግሞ በዚህ ክረምት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። "አንዷን ብቻ፣ ጃንዋሪ" አለኝ ጣቱን ቀስሮ። "ተሸንፌ መውጣት አልፈልግም።"

ሌሊቱን ሙሉ ኳስ ስይዝ ነው ያደርኩት፣ በህልሜ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

አሸነፍን! አልሐምዱሊላህ! አሸነፍን!

ልቤ አሁንም አልረጋም። የገጠምነው የጎረቤቱን ከተማ፣ የፕሊማውዝን ቡድን ነው፤ አለቃቸው ሎይስ የምትባል ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ነች። ከወንዶቹ ሁሉ የምትበረታ። እኔን የቀኙ ጥግ አቆሙኝ፤ ምንም የማያውቅ ሰው የሚቆምበት ነው፣ ኳስ ብዙ አይመጣም። ስምንት ዙር ዝንብ ሳባርር ቆየሁ። ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ዐሥራ አንድ ለዐሥር እየመራን ነው። ከነሱ ሁለት ሰው አውት ሆኗል። አንዱ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሊገባ ቆሟል። አንድ አውት ከተገኘ፣ እየመራን ስለሆነ የኛ ተራ ሳያስፈልግ ጨዋታው አለቀ።

መቺው መታ። ኳሷ ወደኔ! ሮጥኩ። ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት፣ ከፍ አደረግኳት። ባለ ረጅም ጥቁር ባርኔጣው ዳኛ ሩቅ ነበር። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ "ሰር! በክብርህ! ያዝካት?" አለ።

"አዎ!" አልኩ። ያዝኳት። በአንድ ንጥረት።

ዴል በዚያ ጉልበቱ ሮጦ መጥቶ አቅፎ አነሳኝ። አለቀሰ። ትልቅ ሰውዬ! ሁሉም "ጃንዋሪ! ጃንዋሪ!" ይላል። እንዲህ የተጨበጨበልኝ ከሠርጌ ወዲህ ዛሬ ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ትናንት እዚህ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው።

ኳሷ ሁለቴ ነጥራለች። አንዴ ሜዳው ላይ፣ አንዴ ሣሩ ውስጥ። ሣሩ ውስጥ ስትነጥር አይቻታለሁ። ማንም አላየም፣ እኔ አየሁ።

ይሄን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። ታዲያ ትናንት ማታ ማንን ነው የዋሸሁት?

የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሒ ላይ ፋቲሓ መሐል ጠፋብኝ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ በየሶላቱ የምለው ፋቲሓ! እንደገና ጀመርኩ።

እንዴት እንደወጣኝ ራሴን ስጠይቅ ነው የዋልኩት። ለዴል ስል ነው እላለሁ። ውሸት። የጠየቀኝ ዳኛ፣ የሚያየኝ ሕዝብ፣ "ሰር" የሚለው ቃል፣ እሱ ነው ያሰከረኝ። ለኔ ቢጤ ከልክለውት የኖሩትን ጥያቄ አሁን ለኔ አቀረቡልኝ፤ እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አበላሸሁት።

ጃንዋሪ አንድ የተባለው ሌላ ነው። እሱን ሌላ ሰው ጻፈብኝ። ይሄን ግን በገዛ አፌ አልኩት።

ብናገር፦ የዴልን አንዷን ድል እወስድበታለሁ። ቡድኑም ዳግም አያስጠጋኝም።
ብተው፦ ዴል ደስ ብሎት ይኖራል። እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልችልም።

ዘይነባ (አላህ ይዘንላት) ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ደስ ያለኝ ሳምንት ይሄ ብቻ ነው። እሱንም ልሰጥ ነው?

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ነገርኩት።

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሳንድዊቹን ገና ሲከፍት፣ "ዴል፣ ሁለቴ ነጥራለች" አልኩት። ወዲያው ገባው። ሳንድዊቹን መልሶ ጠቀለለው።

"ማንም አላየም።"
"አውቃለሁ።"
"እኔ ሳልጠይቅህ ለምን ትነግረኛለህ?"
"ሶላቴ እምቢ አለኝ" አልኩት። እንግሊዝኛዬ ከዚህ በላይ አልሄደም።

"ጉልበቴን ከመቀደዴ በፊት ያሸነፍኳት አንዷ ጨዋታ ነች፣ ታውቃለህ?" ብሎኝ ወጣ።

አውቶቡሶቻችን መንገድ ላይ ሲተላለፉ መብራት ብልጭ እናደርግ ነበር። ዛሬ ስድስት ጊዜ ተላለፍን። እኔ ስድስቴም አበራሁ፣ እሱ አንድም።

ፈረቃችን ሊያልቅ ሲል መስኮቴን መታ። "ነገ ከሥራ በኋላ ፕሊማውዝ እንሄዳለን። የምነዳው እኔ ነኝ። ሬዲዮ አትንካ።"

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሎይስ በረንዳዋ ላይ ተቀበለችን። ቆሜ ተናገርኩ፤ ተቀመጥ ብትለኝም አልተቀመጥኩም። ስጨርስ፣ "ከማመስገኔ በፊት ተናድጃለሁ" አለችኝ። "ቅዳሜ ለልጄ 'አዲሱ ሰውዬ እንዴት አድርጎ ያዛት መሰለህ' ብዬ አውርቼለታለሁ።"

"ይቅርታ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ተነስታ የጨዋታ መዝገቧን አመጣች። መነጽሯን አደረገች። "ካልያዝካት የኔ ሰው ገብቷል። ዐሥራ አንድ ለዐሥራ አንድ፣ እኩል ነን። መቺው አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ሁለት አውት። ቅዳሜ ከዚሁ እንቀጥላለን።"

ዴል አፉን ከፈተ። "ለግማሽ ዙር ዐሥራ ስምንት ሰው ልታስመጪ?"
"ለምን፣ ፈረሃል?"
"እኔ? ካንቺ?"
"እንግዲያው ጉልበትህን አሽተህ ና።"

ስንመለስ ዴል ሬዲዮውን ራሱ ከፈተው። እኩል ነን! አልተሸነፍንም፣ እኩል ነን! ግን እኔ ዳግም እሰለፍ እንደሆነ አላነሳም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ዴል ባርኔጣዬን አጥቦ አመጣልኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለም። በቃኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ይበል!

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሁሉም መጣ። ዐሥራ ስምንቱም! ዳኛውም ባርኔጣውን ጭኖ። ሂክማ ተጣጣፊ ወንበሯን ይዛ ከሰፈራችን ከአፕል ቫሊ አብራኝ መጣች፣ በሒጃብ ላይ ጥቁር መነጽር። "አባ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በአንተ ምክንያት ነው?" አለችኝ። "በኔ ጥፋት" አልኳት።

ሰላም ስላቸው አንዳንዶቹ ጨበጡኝ፣ አንዳንዶቹ ጫማቸውን ያስሩ ነበር።

የነሱ መቺ የመታትን ኳስ ዴል ራሱ ያዛት። አውት። ተራው የኛ ሆነ። ሁለት ሰው አውት ሆነብን፤ ዴል ግን እያነከሰ ሦስተኛው ቤዝ ደርሷል። ቀጣዩ መቺ እኔ! ቢስሚላህ ብዬ ዱላውን ያዝኩ። አንዷን ሳትኩ። ሁለተኛዋን መታኋት! መሬት ለመሬት ሄደች። ሮጥኩ። እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ዴል ገባ። እኔ ከኳሷ ቀድሜ አንደኛው ቤዝ ከደረስኩ አሸንፈናል፤ ከቀደመችኝ ግን አውት ነኝ፣ የዴልም ነጥብ አይቆጠርም።

እኔና ኳሷ እኩል የደረስን ይመስላል። ዳኛው? ነፋስ ባርኔጣውን ወስዶበት እሱን ሲይዝ ነበር! ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቀም። አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳና ቤዙ ላይ የቆመውን ባለ ቀይ ጢም ወጣት፣ "አንተ ሰር፣ ማን ቀደመ?" አለው።

ጆሮዬ ጋለ። ገባኝ። እኔን መጠየቅ ቀርቷል።

ወጣቱ ኳሷን እያንከባለለ ቆየ። "እሱን ጠይቀው" አለ። "እሱ ይናገራል።"

አውሮፕላን መጣ። ድምፁ እስኪያልፍ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ዴል ሁለት እጁን እንዳነሳ ነው። ሂክማ ወንበሯ ላይ ወጥታለች።

"ሰር?" አለኝ ዳኛው።

"ኳሷ ቀደመችኝ" አልኩ።

በተጨማሪው ዙር እነሱ ሁለት አገቡ፣ እኛ ባዶ። ተሸነፍን። ሎይስ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ፣ ጠንከር አድርጋ። ዴል እያነከሰ መጣ፤ ምን ሊለኝ ነው ብዬ ቆምኩ። በሁሉም ፊት፣ "ጃንዋሪ! ትንሽ ፈጠን ብትል ምን ነበረበት?" አለኝ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። "ሐሙስ ከሥራ በኋላ እዚህ ትመጣለህ። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፣ አንተ ትሮጣለህ።"

አሁን መግሪብ ሰግጄ ነው የምጽፈው። ፋቲሓ አልጠፋብኝም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ዛሬ እውነቱን የተናገርኩት ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ያ ሁሉ ዓይን ስላየኝ? የዛሬ ሳምንት ጭብጨባ አዋሸኝ፤ ዛሬስ ጭብጨባ ፈልጌ ቢሆን? ሐቀኛ መባል ራሱ ያሰክራል። አላውቅም። እሱ ያውቃል።

ጣቴ አብጧል፣ እስክሪብቶ አልይዝ እያለ ነው። ሂክማ ከሳሎን "አባ፣ በረዶውን አድርግ!" እያለች ትጮሃለች። ወቅቱ ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ቀርቷል።